ዋሱ ማን ነው?

ካዛንቺስ ወዳለው ቢሮዬ የሚመጡ የገጠር ሴቶች አብዛኞቹ ፍቺ ፈልገው አይመጡም። ቂርቆስ ውስጥ ቤት ተከራይታ እንጀራ እየጋገረች የምትሸጥ እህት ወይም የአክስት ልጅ ዘንድ ያርፋሉ፤ እሷ ይዛቸው ትመጣለች። (በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ነባር መንደሮች ሲፈርሱ ከእነዚህ አስጠጊዎች ብዙዎቹ ወደ ከተማው ዳር ስለሄዱ አሁን መጠጊያውም ርቋል።) የሚሉኝ አንድ ነው፦ «ምከሩልኝና እጁን ይሰብስብልኝ።»

አንቀጹማ አለ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 ሚስቱን የደበደበ ባል እንደ ማንኛውም ደብዳቢ እንዲቀጣ ይላል። ነገር ግን ምስክሩም፣ ፖሊሱም፣ ፍርድ ቤቱም ያሉት ሴትዮዋ ጥላው በመጣችው ወረዳ ነው። እኔ ዘንድ እስክትደርስ እብጠቱ ጎድሏል፤ ጤና ጣቢያ አልሄደችምና የሐኪም ማስረጃ የላትም። በ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ርዳታ አልጠየቁም፣ ለማንም አልተናገሩም። «ገመናሽን ሸፍኚ» ሲባሉ ነው ያደጉት።

ሁለት ሦስት ቀን ሳይሞላ ሽማግሌዎቹ ይደውላሉ። «ልጄ፣ አስታርቀን እንውሰዳት፤ ልጆቿ ተበተኑ።» ሽማግሌ ሲባል የሚቆጡ የሙያ ባልደረቦች አሉኝ፤ ምክንያትም አላቸው። እኔ ግን ፖሊስ ጣቢያ የግማሽ ቀን መንገድ በሆነበት አገር ሽማግሌን ገሸሽ አድርጎ ጥቃትን መከላከል ይቻላል ብዬ አላምንም። የምጣላቸው ያለ ዋስ ስለሚያስታርቁ ነው። ገንዘብ ሲያበድሩ ዋስ የሚጠሩ ሰዎች፣ ሴት ልጅ ወደ ተደበደበችበት ቤት ስትመለስ «ቻይው» ብለው መርቀው ይነሳሉ።

ስለዚህ እጠይቃቸዋለሁ። ዳግም ቢመታት ተጠያቂው ማን ነው? እሱ በሌለበት፣ ለብቻዋ፣ እንዴት እንደሰነበተች ማን ይጠይቃታል? የመሬት ደብተሩስ የት ነው? የአማራ ክልል ደብተር የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶ ይይዛል፤ ሳጥኑን ቆልፎ ቁልፉን የሚይዘው ግን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው። መሬቱን ጥላ የወጣች ሴት ምን ይዛ ትደራደራለች?

ባሎቹንስ ማን ያናግራቸው? የዓለም ጤና ድርጅት በ10 አገሮች ባካሄደውና በ2005 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ሴቶች 71 በመቶው በሕይወት ዘመናቸው ከትዳር አጋራቸው አካላዊ ወይም ወሲባዊ ጥቃት ደርሶባቸዋል፤ ከተጠኑት ቦታዎች ሁሉ ከፍተኛው ነበር። ኋላ እዚያው ጉራጌ ዞን፣ በ64 መንደሮች ሌላ ነገር ተሞከረ፤ ቡና እየተጠጣ በ14 ዙር ውይይት። አንዳንዱ መንደር ወንዶችን ብቻ፣ አንዳንዱ ሴቶችን ብቻ፣ ሌላው ባልና ሚስትን ሰበሰበ፤ ለማነጻጸር ምንም ያልተደረገባቸውም ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ ወሲባዊ ጥቃት መቀነሱን ወንዶቹ ራሳቸው የተናገሩት ወንዶች ብቻ በተወያዩባቸው መንደሮች ነው። እኛ ስንት ዓመት «መብትሽን እወቂ» የሚል በራሪ ወረቀት ለሴቶች ስናድል ኖረናል!

በቅርቡ የደወሉ ሽማግሌዎች ስለ ዋሱ ስጠይቃቸው «ፈልገን እንደውላለን» አሉ። ደወሉም። የባልየው ታላቅ ወንድም ሳይቀር «እሱንስ አልዋስም» ብሏል። ሴትዮዋ አጠገቤ ሆና ስትሰማ ቆየችና ወደ እህቷ ዞራ፣ «ወንድሙ ያልተዋሰውን እኔ ልዋሰው?» አለቻት።

የፍቺ ማመልከቻውን ያን ዕለት ጻፍነው።