ሰርቨሩ አለ፤ ሥራውስ?

የሰርቨር ክትትል ሲነሳ ብዙዎች መጀመሪያ የሚያስቡት በግራፍ የተሞላ ዳሽቦርድ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ስንት በመቶ ደረሰ፣ ሚሞሪው ምን ያህል ቀረው። መሣሪያው በነጻ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሳውንድክላውድ መሐንዲሶች የተጀመረው ፕሮሜቴየስ ቁጥሩን ይሰበስባል፣ በ2014 የመጣው ግራፋና ደግሞ በሥዕል ያሳያል። ሆኖም ማሽኑ ደህና መሆኑን መለካት አንድ ነገር ነው፤ የተቀመጠለትን ሥራ በአግባቡ መሥራቱን መለካት ሌላ። መቅደም ያለበት ሁለተኛው ነው እላለሁ። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክን የገጠመው ችግር ለዚህ በቂ ማስረጃ ነው። ችግሩ በተፈጠረበት ሌሊት ሲስተሙ አልቆመም፤ እንዲያውም ይከፍል ነበር፤ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ያወጡ ነበር። ባንኩ በኋላ እንዳስታወቀው የወጣው ገንዘብ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነው፤ መንስኤውም የሳይበር ጥቃት አልነበረም። እንዲህ ያለውን ነገር የፕሮሰሰር ግራፍ አይናገርም። በሰዓት የሚወጣው ገንዘብ ከወትሮው ስንት እጥፍ እንደሆነ የሚቆጥር መለኪያ ግን ሊናገር ይችላል።

ይህን በትንሽ ምሳሌ እንየው፦ የአትላንታ ጎረቤት በሆነችው ዲኬተር ውስጥ ቅዳሴ በቀጥታ የሚያስተላልፍ አንድ የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሰርቨር አለው እንበል። ኖድ ኤክስፖርተር የተባለችው ትንሽ ፕሮግራም እዚያው ሰርቨር ላይ ትጫናለች፤ በፖርት 9100 የዲስኩን፣ የሚሞሪውንና የኔትወርኩን ቁጥር በተራ ጽሑፍ ታቀርባለች። ፕሮሜቴየስ በየተወሰነው ጊዜ ራሱ መጥቶ ያነባል፤ ሌላ ካልታዘዘ በየደቂቃው። ያነበበውንም ለ15 ቀን ያቆያል። ይህ የማሽኑ ወገን ነው። ለሥራው ወገን ብላክቦክስ ኤክስፖርተር አለ፦ እንደ አንድ ምእመን ከውጭ ሆኖ ገጹን ይከፍታል፣ መልሱ በስንት ሰከንድ እንደመጣ ይመዘግባል። እሑድ ንጋት ላይ ስልክ መቀስቀስ ያለበት ይኼኛው ሲወድቅ ነው፤ ፕሮሰሰሩ 90 በመቶ ስለደረሰ አይደለም፤ ስርጭቱ ሳይቆራረጥ እየደረሰ ከሆነ 90 በመቶ ማንንም አይጎዳም። በከንቱ የሚጮህ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ሰው ስልኩን እንዲዘጋ ያስተምራል።

የማሽኑ ቁጥር ምክንያቱን ይነግራል የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ እውነት ነው። ማስጠንቀቂያው ከመጣ በኋላ የምንሮጠው ወደዚያው ግራፍ ነው። ዲስክ ደግሞ ልዩ ነው፤ የስብከት ቅጂ እየተጠራቀመ ሲሞላ፣ ፕሮሜቴየስ ያለፉትን ሰዓታት አካሄድ አይቶ መቼ እንደሚያልቅ አስቀድሞ ያሰላል። ስለዚህ የዲስክ ማስጠንቀቂያን ሳላመነታ እጨምራለሁ። ሌላው ተቃውሞ ከበድ ይላል፦ ለትንሽ ተቋም ይህ ሁሉ አዲስ ሸክም፣ አዲስ በርም ነው። የአትላንታ ከተማ አስተዳደር በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ሳምሳም በተባለ ቤዛ ጠያቂ ፕሮግራም ጥቃት ኮምፒውተሮቹ ተቆልፈውበት ስለነበር፣ ጎረቤቷ ዲኬተር ውስጥ ይህ ሥጋት ባዶ አይደለም። ፕሮሜቴየስ ካልተስተካከለ በቀር የይለፍ ቃል አይጠይቅም፤ ፖርቶቹ በፋየርዎል ተዘግተው ግራፋና ብቻ በይለፍ ቃል መታየት አለበት። መከታተያውም ከሚከታተለው ሰርቨር ተለይቶ ሌላ ቦታ ይቀመጥ፤ አብሮ ከወደቀ መውደቁን የሚናገር አይኖርም። በትርፍ ጊዜው የሚያገለግል አንድ ባለሙያ ለዚህ ጊዜ ከሌለው፣ ግራፋናውን ለጊዜው ትቶ ብላክቦክስንና የዲስክ ማስጠንቀቂያን ብቻ ይዘርጋ።