በጓሯችን ስለሚጮኸው ጉጉት

ሰው በቀን የሚያየውን ነገር መርምሮ ያውቃል፤ በሌሊት የሚሰማውን ግን ሳይመረምር ይፈራል። ስለዚህ በአገራችን ጉጉት በቤት አጠገብ የጮኸ እንደ ኾነ ሰው ይሞታል እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል፤ ድምፁን የሰማም ኹሉ ድንጋይ ለማንሣት ይቸኩላል። እኛ ግን በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምንኖር በመኾናችን፥ የከሳሽን ቃል ብቻ ሰምቶ መፍረድ እንደማይገባ እናውቃለንና፥ የዚህም ወፍ መልስ ይሰማለት ዘንድ ይህን ጽፈናል።

ነገሩ የተነሣው በከሚሴ ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፥ በአማራ ክልል ውስጥ ያለው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአጠገቧ የቦርከና ወንዝ የሚያልፍበት የጨፋ ሜዳ አለ፤ በአካባቢውም ማሽላ በብዛት ይዘራል። እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም፤ አይጥ ባለበትም ጉጉት ይመጣል።

በዚያ ከተማ በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት ባደርንበት ሌሊት፥ ጨርቅ ሲቀደድ የሚሰማውን የመሰለ ጩኸት ከጓሮው በኩል ተሰማ። የወዳጃችን እናት ደንግጠው ተነሡ፤ የልጅ ልጃቸው ትኵሳት ይዟት ከተኛች ሦስተኛ ቀኗ ነበርና።

«አላህ ከክፉው ይጠብቀን፤ ይህ ወፍ ሦስት ሌሊት ተመላለሰ። ሕፃኒቱን ሊጠራብን ነውና እባክህ፥ ልጄ፥ አባርልን» አሉን።

እኛም «እናታችን፥ የወፉን ነገር ሲነጋ እናየዋለን፤ አገሩ ቆላ ነውና የያዛት ወባ እንዳይኾን ሕፃኒቱ አኹኑኑ ትታይ» ብለን መለስንላቸው። ወዳጃችንም ሌሊቱን ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዳት፤ ደሟ ሲመረመር ወባ ተገኘባት፤ መድኃኒቱንም ወስዳ ዳነች። ቤተ ሰቡ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኑን ከሕፃኒቱ ይልቅ በወፉ ላይ አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን ወፉ ቢገደል ኖሮ ትኵሳቱ አይበርድም ነበር።

ሲነጋ ወደ ጓሮው ወርደን ከእህል ማስቀመጫው ጣራ በታች ብንመለከት፥ አውራ ጣት የሚያህሉ ጠቋቍር እንክብሎች ወድቀው አገኘን። ጉጉት ያደነውን ትንሽ አውሬ ብዙውን ጊዜ ሳያኝክ ስለሚውጠው፥ ሆዱ ያልፈጨውን ጠጕርና አጥንት ጠቅልሎ በአፉ ይተፋዋል። እንክብሉን በእንጨት ብንፈለቅቀው የአይጥ የራስ ቅልና ጥርስ ወጣ። ለተከሳሹ ከዚህ የበለጠ ምስክር አላስፈለገም። እናታችንም አጥንቱን እያዩ «እህላችንን ሲጠብቅልን ኖሯል እንዴ» አሉ።

እንግዲህ ወደ ጓሮ የሚመጣውን ጉጉት ለይቶ ለማወቅ አራት ምልክት ይበቃል፤ ይኸውም ድምፁ፥ ዓይኑ፥ የራሱ ቅርጽና ቁመቱ ነው።

መዠመሪያው ያ የከሚሴው ነው፤ ሊቃውንት ቲቶ አልባ ይሉታል። ፊቱ ነጭ ኾኖ የልብ ቅርጽ አለው፤ ዓይኑ ጥቁር ነው፤ ቁመቱም 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአሮጌ ቤትና በጣራ ሥር ማደር ይወዳል።

ኹለተኛው አመድማው ጉጉት ነው። በራሱ ላይ ጆሮ የሚመስል ኹለት የላባ ጕትዬ አለው፤ ዓይኑ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ቁመቱ ከ40 ሳንቲ ሜትር ጥቂት ያልፋል፤ ድምፁም ወፍራም «ሁ ሁ» ነው።

ሦስተኛው ከኹሉ የሚተልቀው ነው፤ ቁመቱ ከ60 ሳንቲ ሜትር ያልፋል፤ የዓይኑ ቆብ ጽጌረዳ የመሰለ ስለ ኾነ ከሌላ ጋራ አይሳሳትም። ዶሮ ያለው ሰው ከዚህ ይጠንቀቅ፤ ዶሮውን በጊዜ ወደ ቤት ያስገባ እንደ ኾነ ግን ጠቡ በዚያው ያበቃል።

የቀሩት ኹለቱ ስንዝር የሚያህሉ ትንንሾች ናቸው። አንዱ ዓይኑ ቢጫ ኾኖ በማጅራቱ ላይ ዓይን የሚመስል ኹለት ጥቁር ምልክት አለው፤ በቀንም ይታያል፤ ድምፁ ከፍ እያለ የሚሄድ ፉጨት ነው። ኹለተኛው መልኩ የዛፍ ቅርፊት ይመስላል፤ በየጥቂት ሰኮንዱ አንድ አጭር ድምፅ ብቻ ያሰማል፤ ምግቡም አብዛኛው አንበጣና ሌላ ነፍሳት ነው።

የነጭ ፊቱ ጉጉት ጆሮዎች አንዱ ከፍ፥ አንዱ ዝቅ ያለ ስለ ኾነ፥ አይጥ የተንኰሻኰሸችበትን ስፍራ በድቅድቅ ጨለማ እንኳ ለይቶ ይይዛታል። የክንፉ ላባ ለስላሳ በመኾኑ ሲበር አይሰማም። አንዱ ወፍ በአንድ ሌሊት ሦስት ወይም አራት ትንንሽ አይጦች ይበላል፤ ጫጩት ሲያሳድግ ደግሞ የሚያድነው ከዚህ እጅግ ይበዛል።

ይህን የተረዱ በዮርዳኖስ ሸለቆ ያሉ የእስራኤል ገበሬዎች፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1980ዎቹ ዓመታት ወዲህ ለዚሁ ወፍ የእንጨት ሣጥን እየሠሩ በእርሻቸው ተከሉ፤ በ2002 ዓመትም የዮርዳኖስ ገበሬዎች ተከተሏቸው። በዚያም አገር ጉጉት የክፉ ምልኪ እየተባለ ይፈራ ነበር፤ እህላቸው ከአይጥ ሲድን ግን ብዙዎች ሐሳባቸውን ለወጡ።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ጉጉት በጓሮህ የጮኸ እንደ ኾነ ድንጋይ ከማንሣትህ በፊት ድምፁን አድምጥ፤ ሲነጋም ከዛፉና ከጣራው በታች ተመልከት። በጎተራህ አጠገብ የአይጥ መርዝ አትበትን፤ የተመረዘችውን አይጥ የበላ ጉጉት አብሮ ሊሞት ይችላልና። በቤትህም የታመመ ሰው ቢኖር ወደ ሐኪም ውሰደው እንጂ የሕመሙን ምክንያት ከወፍ አትጠይቅ።