አሮጌውን ላፕቶፕ ከመጣላችን በፊት

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ያቆመው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ስለዚህ በአትላንታ ዙሪያ፣ በክላርክስተንም ሆነ በዲካተር ባሉ የሐበሻ ቤቶች ብዙ ጤነኛ ላፕቶፕ አሮጌ ተብሎ ይቀራል። ሊጣል አይገባውም፤ በዊንዶውስ ምትክ የሚጫን ሊኑክስ የተባለ ስርዓተ ክወና አለለት።

ሊኑክስን ሊነስ ቶርቫልድስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ ነው። ኮዱ ክፍት ነው፤ ማንም አይቶት፣ አሻሽሎት፣ ያለ ክፍያ ይጭነዋል። አትላንታም ለሊኑክስ አዲስ አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአትላንታ ሊኑክስ ሾውኬዝ የሚባል ጉባኤ ይካሄድባት ነበር።

ለጀማሪ የምመክረው ከሊኑክስ ዓይነቶች አንዱ የሆነውን ሊኑክስ ሚንትን ነው። አቀማመጡ ለዊንዶውስ ተጠቃሚ ቅርብ ነው፣ 4 ጊጋባይት ራምም ይበቃዋል። ፋይሉን ከራሱ ከሚንት ድረ ገጽ አውርዱና ሩፉስ በተባለው ነፃ ፕሮግራም 8 ጊጋባይት ፍላሽ ላይ ጻፉት። ፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ ባዶ ፍላሽ ይሁን። ከዚያ ኮምፒውተሩን ስታስነሱ ኤፍ12ን ወይም ኤፍ2ን ተጫኑ (ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል) እና ከፍላሹ እንዲነሳ ምረጡ።

አሁን አትቸኩሉ። ሚንት ከፍላሹ ላይ ሆኖ ይሠራል፤ ሃርድ ዲስካችሁን ገና አልነካም። ዋይፋዩ ይገናኛል? ድምፁ ይሰማል? ካሜራውስ? ከፍላሽ ሲሠራ ስለሚዘገይ በፍጥነቱ አትፍረዱበት። ሁሉም ከሠራ የልጆቹን ፎቶና የኢሚግሬሽን ሰነዶቹን ሌላ ቦታ ገልብጡ፤ ከዚያ ብቻ ዴስክቶፑ ላይ ያለውን የመጫኛ ምልክት ክፈቱ። ዲስኩን አጥፍቶ መጫን የሚለው ምርጫ የነበረውን ሁሉ ይደመስሳል፤ ሚንትንና ዊንዶውስን ጎን ለጎን ማኖር የሚለውም አለ። ዊንዶውስን ማቆየት ከፈለጋችሁ የቢትሎከርን (የዊንዶውስ ዲስክ መቆለፊያ) መክፈቻ ቁልፍ አስቀድማችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ።

አማርኛስ? ይሄ ነው እኔን የሚያስደስተኝ። አይባስ የተባለውን የቋንቋ መጻፊያ ፕሮግራም ኤም17ኤን ከተባለው ተጨማሪው ጋር ጫኑና ሴራ የተባለውን የአማርኛ መጻፊያ ምረጡ። የኤስን ቁልፍ ስትነኩ ስ ይወጣል፤ ኢን ስትጨምሩ ሰ ይሆናል፣ በኤ ሳ፣ ሺፍት ይዛችሁ ኢን ብትነኩ ሴ። ለእናት የሚላከውን ደብዳቤ ሊብረኦፊስ በተባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ በዚሁ መጻፍ ይቻላል።