አንድ ማዕድ፣ ሁለት ሚዛን

ባልና ሚስት በአንድ ቀን ተማክረው፣ ቅቤውንና ጮማውን ትተው፣ እንጀራውን ቀንሰው፣ ማታ ማታም አብረው እየተራመዱ ውፍረታቸውን ለማጕደል በተነሡ ጊዜ፣ ወር ሳይሞላ የባል ሱሪ ሲሰፋው የሚስት ቀሚስ ግን እንደ ጠበበ የሚቀር መሆኑን ያላየ ወይም ያልሰማ ሰው በከተሞቻችን ውስጥ ብዙ አይገኝም። ከዚያ የሚከተለውም የታወቀ ነው፤ ባል ክፋት ሳያስብ «ተደብቀሽ የምትበዪ ይመስለኛል» ይላታል፤ እርስዋም በልብዋ ታዝናለች፤ ዘመድና ጐረቤትም ነገሩን የፈቃድ ድካም አድርጎ ይፈርድባታል። ይህ ፍርድ ሐሰት ነው። ሐሰት መሆኑንም የሚያስረዳው ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰው አካል የተደረገው ረጅም ምርምር ስለ ሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ጀምሮ መመልከት ይገባል።

የሰው አካል ምንም ሥራ ሳይሠራ፣ በእንቅልፍ ላይ ሳለ እንኳ፣ ልቡ እንዲመታ፣ ሳንባው እንዲተነፍስ፣ ሥጋውም ሙቀቱን እንዲጠብቅ ዘወትር ኀይል ያወጣል፤ አብዛኛው ሰው በቀን ከሚያወጣው ኀይል የሚበልጠው ክፍል የሚያልቀውም በዚህ በዝምታ በሚፈጸመው ሥራ እንጂ በጕዞና በድካም አይደለም። በዕረፍት ላይ ሳለ አንድ ኪሎ ጡንቻ በቀን 13 ካሎሪ ያህል ሲያቃጥል፣ አንድ ኪሎ ስብ ግን 5 እንኳ አይሞላም። ከወንድ ክብደት 38 በመቶው ያህል ጡንቻ ሲሆን ከሴት ክብደት ግን ጡንቻ የሆነው 31 በመቶው ያህል ነው። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1990 ሚፍሊንና ባልደረቦቹ ያወጡት፣ የምግብ ባለሙያዎችም እስከ ዛሬ የሚሠሩበት ቀመር፣ ክብደታቸው፣ ቁመታቸውና ዕድሜያቸው ፍጹም እኩል በሆነ ወንድና ሴት መካከል እንኳ በቀን የ166 ካሎሪ ልዩነት ያስቀምጣል። ባልና ሚስት ግን ብዙ ጊዜ በእነዚህ ሁሉ እኩል አይደሉም። ባል 85 ኪሎ የሚመዝን፣ ቁመቱ 175 ሳንቲሜትር፣ ዕድሜው 45 ዓመት ቢሆን፣ ሚስትም 70 ኪሎ የምትመዝን፣ ቁመትዋ 160 ሳንቲሜትር፣ ዕድሜዋ 40 ዓመት ብትሆን፣ በዚሁ ቀመር የባል አካል ያለ ሥራ በቀን 1,724 ካሎሪ፣ የሚስት አካል 1,339 ካሎሪ ያወጣል። የ385 ካሎሪው ልዩነት በ30 ቀን ተደምሮ ከ11,500 ያልፋል፤ አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ የሚይዘውም 7,700 ካሎሪ ያህል ስለ ሆነ፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ምግብ በአንድ መጠን ቢበሉና እኩል ቢንቀሳቀሱ፣ ባል አንዳች የተለየ ትሩፋት ሳይሠራ በወሩ ውስጥ ከሚስቱ ኪሎ ተኩል ያህል አብልጦ ይቀንሳል ማለት ነው።

ይህ ስሌት በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ በታተመው፣ ፕሪቪው በተባለው ጥናት፣ ውፍረታቸው ከልክ ያለፈና የደማቸው ስኳር ወደ በሽታ ያዘነበለ፣ በአውሮፓ፣ በአውስትራሊያና በኒው ዚላንድ የሚኖሩ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች ለ8 ሳምንት በቀን 800 ካሎሪ ገደማ ብቻ በሚሰጥ አንድ ዓይነት ምግብ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በፍጻሜው ወንዶቹ በአማካይ ወደ 12 ኪሎ፣ ሴቶቹ ወደ 10 ኪሎ ቀነሱ። ከኪሎው ይልቅ ግን እኔን ያሳሰበኝ ሌላው ውጤት ነው፤ ወንዶቹ ከስባቸው አብዝተው ሲያጡ፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ ስብ ካልሆነው የአካላቸው ክፍል አብዝተው አጥተዋል። እንግዲህ ራስዋን በረኀብ የምታስጨንቅ ሴት የምታጣው ያን ካሎሪ የሚያቃጥልላትን ጡንቻ ጭምር ስለ ሆነ፣ ምግብ በድንገት መከልከል ለእርስዋ ከባልዋ የበለጠ ጕዳት አለው።

ክብደቱ ስንት ነው ከማለት ይልቅ ስቡ በየትኛው የአካል ክፍል ተቀምጧል ብሎ መጠየቅ የሚበልጥ ጥበብ መሆኑን አስቀድመው በግልጥ ያስተማሩት የማርሴዩ ፈረንሳዊ ሐኪም ዶክተር ዣን ቫግ ናቸው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1947 ባሳተሙት ጽሑፍ በሆድ የሚከማቸውን የወንድ ውፍረትና በዳሌና በጭን የሚከማቸውን የሴት ውፍረት ለይተው፣ የስኳርና የልብ በሽታ የሚከተለው ይልቁን የመጀመሪያውን መሆኑን አስረዱ። ቦርጭ የምንለው ስብ ከሆድ ዕቃ መካከል ተሸሽጎ የሚኖር፣ የሚለቀውንም ቅባት በደም ሥር በቀጥታ ወደ ጉበት የሚልክ ስለ ሆነ አደገኛ ነው፤ ነገር ግን ሰው ምግቡን ሲቀንስና ሲንቀሳቀስ ፈጥኖ የሚቀልጠውም እርሱ ነው። በጭንና በዳሌ ያለው ስብ ግን፣ አካል «ስብህን ፍታ» ብሎ አድሬናሊንን በላከበት ጊዜ ትእዛዙን የሚያግዱ ተቀባዮች ስለሚበዙበት፣ በቀላሉ አይለቅም። ስለዚህ ወንዱ ፈጥኖ ከሳ ስንል፣ ቀድሞ ተሸክሞት የነበረው ስብ ለመሄድ የሚቸኵለው ዓይነት ነበር ማለታችን ነው።

ተፈጥሮ ይህን ልዩነት ያደረገችው በከንቱ አይደለም። ለሕይወት የግድ የሚያስፈልገው ስብ በወንድ አካል 3 በመቶ ያህል ሲሆን በሴት ግን 12 በመቶ ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ትርፍ የሴት አካል ለማኅፀንዋ ፍሬ ያኖረችው ጎተራ ነው። ነፍሰ ጡር በእርግዝናዋ ወራት ለጡት የሚሆን ስብ ታከማቻለች፤ ከወለደችም በኋላ ማጥባት በቀን 500 ካሎሪ ያህል ይወስድባታል፤ በስዊድን አገር በጐተንበርግ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዓመታት የተደረገው ምርምር እንዳሳየውም፣ ያ እምቢተኛ የነበረው የጭን ስብ በማጥባት ወራት ከሌላው ጊዜ ይልቅ በቀላሉ ይፈታል። እናቶቻችን አራስን በገንፎና በአጥሚት የሚያጠናክሩት የካሎሪ ትምህርት ሳይደርሳቸው ይህን ፍላጎት በልማድ ዐውቀው ነው፤ ችግር የሚሆነው የአራስ ቤቱ ምግብ ማጥባት ከቆመ በኋላም ሲቀጥል ብቻ ነው።

ጎተራው ሲነካ አካል እንዴት እንደሚጠነቀቅ የረኀብ ታሪክ ይነግረናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፍጻሜ፣ እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 መካከል በነበረው ክረምት፣ የጀርመን ሠራዊት ምግብ በከለከለበት በምዕራብ ሆላንድ የብዙ ሴቶች የወር አበባ ቆመ፤ ከወራትም በኋላ የሚወለዱት ሕፃናት ቍጥር እጅግ አነሰ። እ.ኤ.አ. በ1933 በዩክሬን በደረሰው ረኀብ፣ በዚያ ዓመት የሞት መጠን ሲሰላ፣ አዲስ የሚወለድ ወንድ ሊኖር የሚችለው 7.3 ዓመት፣ ሴት ግን 10.9 ዓመት ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ልዩ ልዩ ምክንያት ቢኖርም፣ የሴት አካል ስብን የመያዝ ኀይሉ ከምክንያቶቹ አንዱ ነው ብለው ሊቃውንት ያስባሉ። በክፉ ዘመን ነፍስን ያቆየ ጠባይ በጥጋብ ዘመን ነውር ሆኖ ሲቈጠር ማየት ያሳዝናል። ሌላም የሚያሳዝን ነገር አለ፤ ስለ ረኀብና ስለ ክብደት ከተደረጉት ምርምሮች እጅግ የታወቀው፣ አንሰል ኪስ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1944ና በ1945 የመሩት፣ የተፈጸመው በ36 ወንዶች ላይ ነበር፤ አንዲት ሴት እንኳ አልነበረችበትም።

ከዚህ ሌላ የሴት አካል የራሱ ወራትና ዘመናት አሉት። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት በሰውነት ውስጥ ውኃ ስለሚጠራቀም ሚዛኑ አንድ ኪሎ ያህል ከፍ ሊል ይችላል፤ ሴትዮዋም ስብ ያልሆነውን ውኃ ስብ ነው ብላ ተስፋ ትቈርጣለች። በማረጥ ዘመን ደግሞ ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲጐድል፣ ቀድሞ በዳሌ ይከማች የነበረው ስብ ወደ ሆድ መዞር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ ሴትም ከወንድ ጋር የቦርጭን አደጋ ትካፈላለች።

በአገራችን ይህ ነገር የጥቂቶች ጕዳይ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ በእርግጥም እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከሴቶች 22 በመቶው ከሲታ ሆነው ሲገኙ፣ ከልክ በላይ ወፍራም የሆኑት 8 በመቶ ነበሩ። በወንዶች በኩል ግን ወፍራሞቹ 3 በመቶ ብቻ ስለ ነበሩ ሸክሙ ይበልጥ የወደቀው በሴቶች ላይ ነው። ብዙዎች መድኃኒቱን ከጾም ይጠብቃሉ። ጾም ለነፍስ የተሠራ ሥርዓት ነው እንጂ ወገብ ማቅጠኛ አይደለም፤ በሁዳዴ ቅቤ ቢቀርም፣ በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳና ፓስቲ፣ ዳቦና ስኳር የበዛበት ሻይ ከተተካ፣ ክብደት የሚቀንስበት ምክንያት የለም። ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ግን ጡንቻን ስለሚጠብቁ ከማዕዱ እንዳይጐድሉ እመክራለሁ።

ስለዚህ እናንት ባሎች፣ የሚስታችሁን ሚዛን በራሳችሁ ሚዛን አትመዝኑ፤ በስውር ትበላለች ብላችሁም አትጠርጥሩአት። አንቺም እኅቴ፣ ከራስሽ ካለፈው ወር ጋር እንጂ ከባልሽ ጋር አትወዳደሪ፤ የምትመዘኚውም ከወር አበባሽ በኋላ በአንድ በታወቀ ቀን ይሁን። ከኪሎው ጋር ወገብሽን በሜትር ለኪ፤ ለአፍሪካውያን የተለየ ልክ እስኪወጣ ድረስ ለእኛ የተመደበው የጥንቃቄ ወሰን ለሴት 80፣ ለወንድ 94 ሳንቲሜትር ነው። የእግር ጕዞው መልካም ቢሆንም፣ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር፣ ሸክም ያለበት እንቅስቃሴ ጨምሪበት። ሐኪምሽ ብዙ ኪሎ ባይጠይቅሽ አትደነቂ፤ ከክብደት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ ብቻውን የደም ግፊትንና የደም ስኳርን ያሻሽላል፤ ይህም 70 ኪሎ ለምትመዝን ሴት ከሦስት ኪሎ ተኩል እስከ ሰባት ኪሎ ማለት ነው።