ከቃሊቲ ደጃፍ እስከ እንጦጦ ራስ

አዲስ አበባን ለማየት የሚመጣ አገር ጐብኚ ጉብኝቱን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቦሌ ነው። ከኤሮፕላን ይወርዳል፤ ሆቴል ይይዛል፤ አስጐብኚውም እንጦጦን፣ ቤተ መዘክሩንና መርካቶን አሳይቶ በሦስተኛው ቀን ይሸኘዋል። ነገር ግን ወደዚህች ከተማ የመጣው እንግዳ ሁሉ በቦሌ አልገባም። ከጎጃምና ከጎንደር፣ ከወሎና ከሲዳሞ በአውቶቡስ ተሳፍሮ፣ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጥሮ፣ «ቃሊቲ በየት በኩል ነው?» እያለ መንገደኛውን ሲጠይቅ የታየ ብዙ ነው። ለእርሱ አዲስ አበባ ማለት የማረሚያ ቤቱ በር፣ ወረፋው፣ ፍተሻው፣ ከዚያም ለጥቂት ደቂቃ የታየ የወንድም ወይም የልጅ ፊት ነበር። ጠይቆ ሲያበቃ አውቶቡሱ የሚነሣው በማግሥቱ ንጋት ነውና አንድ ሙሉ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ይተርፈዋል።

አንባቢ ሆይ፣ እርስዎም እንዲህ ያለ ከሰዓት በኋላ ደርሶብዎት እንደ ሆነ፣ ወይም የአገርዎ ሰው ለእንዲህ ያለ ጉዳይ መጥቶ ከቤትዎ አርፎ እንደ ሆነ፣ ይህ ጽሑፍ ለእርስዎ ነው። ጉብኝታችንን ከቃሊቲ እንጀምር።

ከቃሊቲ ወደ መሐል ከተማ የሚዘልቀው የቀላል ባቡር መሥመር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከከተማይቱ ሁለት መሥመሮች ቀድሞ የተከፈተው ይኸኛው ነው። ሳሪስን፣ ላንቻንና ሪቼን አልፎ ከስታዲዮም ሲደርስ የሚቀጥለው ለገሃር ነው። ለገሃር የቀድሞው የጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያ ነው፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነበር። በአደባባዩ ላይ የቆመውን የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ሳያዩ አይለፉ። ለ1923ቱ የንግሥ በዓል የተሠራ ሲሆን ጠላት አገራችንን በያዘ ጊዜ ነቅሎ ወደ ሮማ ወሰደው፤ ከነጻነትም በኋላ ብዙ ዓመት ቈይቶ ተመለሰ። ታስሮ የተፈታ አንበሳ ነው ብንል ነገሩን አላጋነንንም። ከቃሊቲ ለመጣ ሰው ከዚህ የተሻለ የጉብኝት መጀመሪያ አላውቅም።

ከለገሃር ወደ ሜክሲኮ ቢያልፉ በደቡብ ምዕራብ በኩል አንድ ረጅም ሕንጻ ይታይዎታል። ይህ በ2004 ዓ.ም. የተመረቀው፣ ቻይና በ200 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ የሰጠችው የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ነው። ቁመቱ 99.9 ሜትር ሲሆን በተመረቀበት ጊዜ ከከተማይቱ ሕንጻዎች ሁሉ የሚበልጠው አልነበረም። እንግዶች በፊቱ ቆመው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ከመካከላቸው ግን ምን ያህሉ የቆሙበትን መሬት ያውቁታል?

እዚህ ላይ የነበረው ዓለም በቃኝ ነው። በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ዘመን የተሠራ፣ ስምንት ማዕዘን፣ ባለ ሁለት ፎቅ የድንጋይ ወኅኒ ቤት ነበር። ክፍሎቹ ሁሉ ወደ ውስጠኛው ግቢ ስለሚመለከቱ እስረኛው ከሰማይ በቀር የሚያየው ነገር አልነበረም፤ ስሙም ከዚያ ኑሮ ጋር የሚስማማ ነው። (ከርቸሌ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን ወኅኒ ግን የራሳችን ነው፤ የጎንደር ነገሥታት መሳፍንቱን ያጉሩበት ከነበረው ከአምባ ወኅኒ የተወረሰ ነው።) በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠላት ብዙ ሰው አጕሮበታል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ደግሞ ሁለቱ የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን፣ ከብዙ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች ጋር ያለ ፍርድ የተረሸኑት በዚሁ ግቢ ነው። ዓለም በቃኝ በ1996 ዓ.ም. ተዘጋ፤ እስረኞቹም ወደ ቃሊቲ ተዛወሩ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግንቡ ፈረሰ።

ነገሩን ከሌላ አገር ጋር እናስተያየው። የኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ እንደ አዲስ አበባ የደጋ ከተማ ናት፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,600 ሜትር ያህል ላይ ተቀምጣለች። በዚያች ከተማ ጐብኚ ሁሉ ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ብሔራዊው ቤተ መዘክር ነው። ቤቱ ሲሠራ ግን ለእስረኛ ነበር። ቶማስ ሪድ የተባለ መሐንዲስ ንድፉን አውጥቶለት፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1874 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ እስከ 1946 ዓ.ም. ድረስ ወኅኒ ቤት ሆኖ አገልግሏል። የቦጎታ ሰዎች አላፈረሱትም። እስረኛው ሲወጣ ጠግነውት በ1948 ዓ.ም. ቤተ መዘክራቸውን አገቡበት። ዛሬ ተማሪው በአስተማሪው እየተመራ ቀድሞ ሰው ይታሰርበት በነበረው ክፍል ሥዕል ይመለከታል፤ ወፍራሙም ግንብ ምን እንደ ነበረ ይነግረዋል።

እኛ ለአፍሪካ ኅብረት የሚሆን ሌላ መሬት አልነበረንም ወይ ብዬ ለመከራከር አልነሣም፤ ሕንጻው ያማረ ነው፣ አገርንም ያስከብራል። ነገር ግን ከስምንቱ ማዕዘን አንዱ እንኳ ቢቀር ኖሮ! በ2004 ዓ.ም. በዚሁ ቦታ ለመታሰቢያ የሚሆን የመሠረት ድንጋይ ተጥሏል፤ ድንጋዩ ግን የአሮጌውን ግንብ ያህል አይናገርም። ስለ ቃሊቲ ግቢም ይህ ጥያቄ ሲነሣ ዝም ብለን እንዳናልፍ እፈራለሁ። ቃሊቲ በዞን የተከፈለ፣ ስምንት ዞኖች የነበሩት ግቢ ነበርና፣ በ2004 ዓ.ም. አንድ የወጣት ጸሐፊዎች ማኅበር ስሙን «ዞን ዘጠኝ» ብሎ አወጣ። ዘጠነኛው ከአጥሩ ውጭ ያለነው እኛ ነን ማለታቸው ነበር። ከመካከላቸው ብዙዎቹ በ2006 ዓ.ም. ታሰሩ። የዚህ ሁሉ ታሪክ የትኛው ግድግዳ ላይ ይጻፍ ይሆን?

ከዚያ ተመልሰው ወደ መስቀል አደባባይ ይምጡ። በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ቤተ መዘክር ከአደባባዩ ጥግ ነው። በደጁ ያዘኑ ሴቶች ሐውልት ቆሟል፤ በውስጡ የሟቾች ፎቶግራፍ ከግድግዳው ሞልቶ፣ ከጅምላ መቃብር የወጣ አጥንትም በመስተዋት ውስጥ ይታያል። ልጅ ይዘው ከሆነ አስቀድመው ያስቡበት። እስረኛ ጠይቆ ለመጣ ሰው ይህ ቤት ይከብደዋል የሚሉ ይኖራሉ። እኔ ግን እንዲህ አይመስለኝም፤ እዚያ የሚያለቅስ ሰው ብቻውን አያለቅስም።

ልብዎ ሌላ ነገር ቢሻ ወደ ብሔራዊ ሙዜየም ይሂዱ፤ ከአምስት ኪሎ ብዙም አይርቅም። ድንቅነሽን የማያውቃት የለም፤ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠረች፣ ከአጥንቷ 40 ከመቶ ያህል የተገኘ እመቤት ናት። ለጐብኚ የሚታየው አምሳያዋ ሲሆን ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። የተገኘችበትን ቀን ግን ልብ ይበሉ፦ በአፋር በረሐ በሐዳር የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ዓለም በቃኝ ውስጥ የተተኰሰው ጥይት ዋዜማውን ነበር። በአንድ ሌሊት ልዩነት እዚህ ሰው ወደ ጕድጓድ ሲገባ እዚያ የሰው ዘር ጥንት ከአፈር ወጣ። የእነዚያ ሹማምንት ዐፅም ከዓመታት በኋላ በክብር ባረፈበት በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ቅጥር ግቢ አጠገብ ስለሚያልፉ፣ ገብተው ቢሳለሙና መቃብሩን ቢያዩ መልካም ነው። ንጉሠ ነገሥቱም ያረፉት በዚያው ነው።

ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ፤ ፊት ለፊቱም ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ዩኒቨርሲቲ አለ። ቤተ መንግሥቱ በ1950ዎቹ ለተማሪ ተሰጥቶ፣ የንጉሡ መኝታ ክፍል እንኳ ዛሬ የሙዜየም ክፍል ሆኗል። እንግዲህ ቤት ሳያፈርሱ ሥራውን መለወጥ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። ለቤተ መንግሥት ያደረግነውን ለወኅኒ ቤት ለምን አቃተን?

ይህ ሁሉ በአንድ ከሰዓት በኋላ እንደማይደርስ አውቃለሁ። ከሁለቱ ሙዜየሞች አንዱን ይምረጡና የቀረውን ጊዜ ለእንጦጦ ያስቀምጡ፤ ሙዜየም ማታ ይዘጋል፣ ተራራ ግን አይዘጋም። ቦጎታም የራሷ እንጦጦ አላት፤ ሞንሴራቴ ይባላል፣ ከ3,100 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ሆኖ በራሱ ላይ ቤተ ክርስቲያን አለበት። የእነርሱ ጐብኚ በገመድ በሚሳብ ባቡር ይወጣል፤ የእኛው በታክሲ ወይም በእግሩ ከባሕር ዛፉ ሥር ይወጣል። ከእንጦጦ ማርያም ደጅ አጼ ምኒልክ ወደ ፍልውሃ ሳይወርዱ በፊት የተቀመጡበትን አነስተኛ ቤተ መንግሥት ይዩ።

ከዚያ ፊትዎን ወደ ደቡብ ይመልሱ። ከተማይቱ በሙሉ ከእግርዎ ሥር ናት፤ ረጃጅሞቹ ሕንጻዎች መሐሉ ላይ ተጨናንቀዋል፤ ከእነርሱ ወዲያ ሜዳው ወደ አቃቂ ይወርዳል። ጥሩ ፀሐይ ከሆነ የፋብሪካዎቹ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ ይታያል። ቃሊቲ ከዚያ ትንሽ ወዲህ ነው፤ ጧት ስንቅ ይዘው የቆሙበት በር በዚያ በኩል ነው።