1,360 ግራም የሚመዝን ተፋላሚ

በቴሌቪዥን የሚፋለሙት ትልልቆቹ ሮቦቶች እስከ 113 ኪሎ ይመዝናሉ፤ ከኋላቸውም ሙሉ ቡድንና ስፖንሰር አለ። ጋራዥ ውስጥ፣ አንዳንዴም የምግብ ጠረጴዛ ላይ የሚገጣጠመው ግን አብዛኛውን ጊዜ ትንሹ ነው፤ አሜሪካኖች በጢንዚዛ ስም የሚጠሩት፣ ሦስት ፓውንድ ወይም 1,360 ግራም ገደማ የሚሆነው። በአንድ እጅ ይነሳል። መሣሪያው መዞር ከጀመረ ግን ወፍራም ፖሊካርቦኔት ሳይጋርድ አጠገቡ አይቆምም።

«ሮቦት ዋርስ» የተባለውን የሮቦቶች ፍልሚያ የጀመረው ማርክ ቶርፕ ነው፤ ቦታው ሳን ፍራንሲስኮ፣ ዓመቱ እ.ኤ.አ. 1994። በዓመቱ ጄሚ ሃይነማን ብሌንዶ የተባለ ሮቦት ይዞ መጣ። ዛጎሉ ከትልቅ የቻይና መጥበሻ የተሠራ ነበር፤ ሲሽከረከር የተጋጣሚዎቹን ስብርባሪ ከመድረኩ ውጭ ስለበተነ አዘጋጆቹ አደገኛ ነው ብለው ከፍልሚያ አስወጡት። ሃይነማን በኋላ ከአዳም ሳቬጅ ጋር በ«ሚዝበስተርስ» የቴሌቪዥን ዝግጅት የታወቀው ሰው ነው።

የፍርሃቱ ምክንያት በስሌት ይታያል። 300 ግራም የሚመዝን፣ ከመሃሉ እስከ ጠርዙ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ የብረት ዲስክ በደቂቃ 10,000 ጊዜ ሲዞር ጠርዙ በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበራል። የሚያጠራቅመው ጉልበት 400 ጁል ያህል ነው፤ ሮቦቱን ራሱን 30 ሜትር ወደ ላይ ለማንሳት ይበቃል። ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ይለቀቃል፤ ደግሞም ወደ ተጋጣሚው ብቻ አይሄድም። በዱላ ድንጋይ የመታ ሰው መዳፉ እንደሚነዝረው ሁሉ፣ የዚያኑ ያህል ግፊት ወደ መቺው ዘንግ ይመለሳል። ጀማሪዎች ስለ ስለቱ ሲጨነቁ ከርመው በመጀመሪያው ግጭት በራሳቸው ምት ይሸነፋሉ።

በጎን የሚዞር መሣሪያ ሲመታ ባለቤቱንም ወደ ጎን ይወረውረዋል። ቀጥ ብሎ የቆመና ከታች ወደ ላይ የሚመታ ዲስክ ግን የራሱን ሮቦት ወደ ወለሉ ይጫነዋል፤ ወለሉ ደግሞ ንቅንቅ አይልም። ቁመታሞቹ ዲስኮች የበዙት አንድም በዚህ ነው። በነፃ ግን አይገኝም። በፍጥነት የሚዞር ነገር ዘንጉን አታዘንብሉብኝ ባይ ነውና፣ ሮቦቱ ቶሎ ሲታጠፍ አንዱ ጎማ ከመሬት ይነሳል።

ከዚያ ሚዛን አለ። ሪዮቦትዝ የተባለው የብራዚል ቡድን ያስተማረው ክፍፍል ለመነሻ ጥሩ ነው፤ ከመቶው 30 ለመንጃው፣ 30 ለመሣሪያው፣ 25 ለአካሉና ለጋሻው፣ 15 ለባትሪና ለኤሌክትሮኒክስ። ለትንሹ ሮቦት ሲሰላ፣ ዲስኩ ከነሞተሩ፣ ከነዘንጉና ከነኩሽኔታው 408 ግራም ይደርሰዋል። አንድ ብሎን በረዘመ ቁጥር ከሌላ ቦታ መቀነስ የግድ ነው።

አካሉ ብዙ አያስቸግርም። ዩኤችኤምደብሊው የሚባለው ፕላስቲክ ከውሃ ይቀላል፣ በእንጨት መጋዝ ይቆረጣል፣ ሲመታም ይጎብጣል እንጂ በቀላሉ አይሰነጠቅም። ጥበቡ ያለው መሃሉ ላይ ነው።

ዲስኩ ኤስ7 ከሚባለው፣ ምት እንዲችል ከተቀመመ ብረት ይቆረጣል። ቀዳዳው ሁሉ ብረቱ ለስላሳ ሳለ ያልቃል፤ ከዚያ 940 ዲግሪ ገደማ ድረስ ግሎ አየር ላይ ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል፤ በመጨረሻም ዝቅ ባለ ሙቀት እንደገና ይሞቃል። ይህ የመጨረሻው ከተዘለለ ብረቱ ጠንካራ ግን ተሰባሪ ይሆናል። ከጠነከረ በኋላ ቀዳዳ ረሳሁ ማለት አይቻልም፤ ተራ የመብሻ ጫፍ ላዩ ላይ ተንሸራቶ ይቃጠላል።

የኩሽኔታው ቤት የሚወጣው ዲስኩ ከሚታሰርበት የአሉሚኒየም እምብርት ውስጥ ነው። 608 የሚባለውን፣ በስኬትቦርድ ጎማ ውስጥ ያለውን ኩሽኔታ እንውሰድ፤ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። አሉሚኒየሙ ቶርኖ ላይ ታስሮ በመጀመሪያ አነስ አድርጎ ይበሳል፤ ቀጥሎ ቢላው ወደ ውስጥ እየገባ ጥቂት በጥቂት ይልጠዋል። 21.8 ሲደርስ ማሽኑ ይቆማል። ለቀሩት መቶኛዎች ካሊብሮ አይታመንም፤ የውስጥ ማይክሮሜትር ያስፈልጋል። 21.99 ላይ ቢቆም ኩሽኔታው በሞርሳ ተጨምቆ ይገባል፣ ገብቶም ይጸናል። 22.05 ከሆነ በጣት ይገባል፤ ይሁን ተብሎ ከታለፈም ዲስኩ ይንቀጠቀጣል፣ ንዝረቱ ብሎን ይፈታል፣ የተፈታው ብሎን ቤቱን ይበልጥ ያሰፋዋል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ የመኪና ዘንግ ሲጠግን የኖረ የቶርኖ ባለሙያ ይህን ከማንም አይማርም።

ዘንጉ ባይዞር ይመረጣል። ዲስኩ በኩሽኔታ ላይ ይዞር፤ ዘንጉ ግን ከግራና ከቀኝ በዳዶ ጠብቆ የአካሉን ሁለት ግድግዳዎች እንደ ረጅም ብሎን ያያይዝ። ከወፍራም ወደ ቀጭን በሚያልፍበት ትከሻ ላይ ስል ማዕዘን መተው ስንጥቅ መጋበዝ ነው፤ ቢላው እዚያ ላይ ክብ አድርጎ ማለፍ አለበት።

ጥርስ ሲበዛ ምቱ የሚበረታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ሮቦቱ በሰከንድ 3 ሜትር ወደ ፊት ሲሄድና ዲስኩ በደቂቃ 10,000 ዙር ሲዞር፣ አንድ ጥርስ ብቻ ያለው ዲስክ እስከ 18 ሚሊ ሜትር ጠልቆ ሊነክስ ይችላል። ጥርሱ ሁለት ከሆነ 9፣ አራት ከሆነ 4.5 ብቻ፤ ይህኛው ልሶ ያልፋል። ባለ አንድ ጥርሱ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ማመጣጠኛ ክብደት ካልተተወለት በራሱ ንዝረት ይፈርሳል።

ከሁሉ የማልደራደርበት ጥንቃቄው ነው። የሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ከተበሳ በእሳት ሊቀጣጠል ይችላል፤ ቻርጅ ሲደረግም ሰው አጠገቡ መኖር አለበት። የሬዲዮ ግንኙነቱ ሲቋረጥ መሣሪያው በራሱ መቆም አለበት። ከመድረክ ውጭ ደግሞ ዲስኩ በመቆለፊያ ብረት ይታሰራል።

ፍልሚያው ራሱ በአብዛኛው ሦስት ደቂቃ ነው፤ እስከሚቀጥለው ያለው የጥገና ጊዜም አጭር ነው። የጎበጠ ዘንግ ለማቃናት አይበቃም፣ ለመቀየር ግን ይበቃል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰሪ ቶርኖው አንዴ ከተስተካከለ ሦስት አራት ዘንግ በአንድ ላይ ያወጣል፤ ዳዶዎቹንም አንድ መፍቻ ሁሉንም እንዲፈታ አድርጎ አንድ ቁጥር ያደርጋቸዋል።