የጎረቤት ኪኒን ለምን ሊጎዳዎት ይችላል?

ጥር 23 ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ዘልቀው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን ግልቢያ አይተው ያውቃሉ? ፈረሱ ሽምጥ ሲጋልብ ልብዎ ይደልቃል፤ የአየር ቧንቧዎ ይሰፋል፤ ጣቶችዎ ይቀዘቅዛሉ። ለዚህ ሁሉ አንድ ሆርሞን፣ አድሬናሊን፣ ትልቅ ድርሻ አለው።

አንዱ ሆርሞን እንዴት የተለያየ ሥራ ይሠራል? ምስጢሩ በሴሎች ገጽ ላይ ያሉት ተቀባዮች ናቸው። ተቀባዩ መልእክቱን ከውጭ ይቀበልና በውስጥ በኩል ላለው ጂ ፕሮቲን ያቀብላል። ጂ ፕሮቲኖች ብዙ ዓይነት ናቸው፤ እያንዳንዱ ተቀባይም የሚመርጠው አለው። የልብና የሳንባ ቤታ ተቀባዮች በዋናነት «ጂ ኤስ» የተባለውን ይቀሰቅሳሉ፤ የልብ ምት ይፈጥናል፣ የአየር ቧንቧ ይከፈታል። በቆዳ ደም ሥሮች ያሉት አልፋ አንድ ተቀባዮች ግን «ጂ ኪው»ን ስለሚመርጡ ደም ሥሩ ይጠብባል፤ ጣት ይቀዘቅዛል። በእነዚህ ተቀባዮች ላይ ባደረጉት ምርምር ሮበርት ሌፍኮዊትዝና ብራያን ኮቢልካ በ2012 እ.ኤ.አ. የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

ይህ ለቤትዎ ምን ይረባል? በአፍ የሚሳበው ሳልቡታሞል የሳንባውን ቤታ ተቀባይ ቀስቅሶ አስም ላለበት ሰው ትንፋሽ ይሰጣል። ለልብና ለደም ግፊት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ደግሞ ያንኑ ተቀባይ ይዘጋል። የጎረቤትዎን ልብ ያረጋጋው ኪኒን አስም ያለበትን ልጅዎን ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል።

ስለዚህ «እኔን አድኖኛል» ተብሎ የተሰጠዎትን ኪኒን አይቀበሉ፤ እርስዎም ለሌላ አይስጡ። ሐኪም ሲያዩም አስም ካለ አስቀድመው ይናገሩ።